ጀርባው ላይ ያለው ስም

«ጃለታ የት አለ?»

ጋሽ ባጫ ይህን ሲጠይቁ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ራዕይ ብታውቅ ኖሮ ትመልስ ነበር። ጨዋታው ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ ድቦቹ የሚባሉት የጃለታ ቡድን ልጆች ነጭ ማሊያቸውን ለብሰው በየደቂቃው እየተቀያየሩ በረዶው ላይ ይንሸራተታሉ፤ አርባ አንድ ቁጥር ግን የለም። ካሜራው ተቀያሪዎቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሁለት ጊዜ አልፏል፤ እዚያም የለም።

«ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናላ» አለ ኢብራር።

«ሩብ ሰዓት ሙሉ?» አለ ወንድይፍራው።

«ብርድ ነው እኮ አገሩ። ወላሂ እኔ ብሆን ከዚያ አልወጣም።»

ጋሽ ባጫ አልሳቁም። «ሁሉንም ቆጠርኳቸው» አሉ። «አንድ ሰው ጎድሏል።»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አየር ጤና ላይ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ጋራዦቹ በተደረደሩበት መንገድ፣ የጋሽ ባጫ ጎሚስታ ቤት ከሁሉም ቀድሞ ይከፈታል። ተከፈተ ማለት ግን ሥራ ተጀመረ ማለት አይደለም። ኮምፕሬሰሩ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አይነሳም፤ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር ቢመጣም «ጨዋታው ይለቅ» ይባላል። እነሱ ተኝተው ሳሉ ካናዳ ውስጥ ተጀምሮ ያለቀው ጨዋታ እዚህ የሚጀመረው በዚህ ሰዓት ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ ውጤቱን ቀድሞ ስልኩ ላይ ያየ ሰው ደጅ ይቀመጣል። መለዋወጫ ሻጩ ኢብራር ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ደጅ ተቀምጧል።

አየር ጤና ላይ የበረዶ ሆኪ ደጋፊ አለ ቢባል የሚያምን የለም። ራዕይም ብትሆን፣ ኩቤክ ስምንት ዓመት ተምራ አንድም ጨዋታ ሳታይ የተመለሰች ሰው፣ ሰው ቢነግራት አታምንም ነበር።

ነገሩ የመጣው በተነፈሰ ጎማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በተመለሰች በአራተኛ ወሯ፣ የወንድሟን መኪና ይዛ እዚህ ቤት ቆመች። ጎረቤት ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ወንድይፍራው ከእናቷ ጋር በአንድ ቸርች የሚያመልክ ሰው ስለሆነ ወዲያው ለያት፤ «ጋሽ ባጫ፣ ይቺ ልጅ እኮ ካናዳ ተምራ ነው የመጣችው» አለ። ሽማግሌው ክሪኩን ለቀው ቀና አሉ።

«እንግዲያው ጃለታን ታውቂዋለሽ።»

ጥያቄ አልነበረም። ራዕይ ሳቀች። «ካናዳ ሰፊ ነው እኮ ጋሼ።»

«እሱማ ሰፊ ነው። ጃለታ ግን ረጅም ነው አሉ፤ ይታያል።»

ጃለታ የልጃቸው የቀነኒሳ ልጅ ነው። ቀነኒሳ በወጣትነቱ ወጥቶ ኩቤክ ቀረ፣ የዚያን አገር ልጅ አገባ፣ ከስድስት ዓመት በፊትም እዚያው ሞተ። መርዶውን በስልክ የነገራቸው የማያውቁት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት የደወለ የለም። ጋሽ ባጫ እጅ ላይ የቀረው አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ፎቶና ቀነኒሳ በመጨረሻ የተናገራት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «አባዬ፣ ጃለታ ሥራው በረዶ ላይ ሆኗል።» እሳቸውም ልጁ በረዶ የሚጠርግ መስሏቸው፣ ክረምት መጥቶ በረዶው ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ሲያዝኑለት ኖሩ።

ራዕይ ስልኳ ላይ ስሙን ጻፈች። አንድ ረጅም ጠይም ልጅ ወጣ፤ የራስ ቁር አድርጓል፣ በእጁ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዟል። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ከጀርባው የተነሳ ነው። ማሊያው ላይ፣ ከአርባ አንድ ቁጥር በላይ፣ በፈረንጅ ፊደል «ባጫ» ይላል። ቀነኒሳ ባጫ ካናዳ ሲገባ ወረቀቱን የሞላው ሰው ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ መዘገበው፤ ልጅ ሲወለድም ጃለታ ቀነኒሳ መሆኑ ቀርቶ ጃለታ ባጫ ተባለ። እንዲህ ሆኖ ነው የአየር ጤናው ጎሚስታ፣ እሳቸው ራሳቸው እዚህ ቱታ ለብሰው ቆመው ሳለ፣ ስማቸው እዚያ በሺህ ሰው ፊት በልጅ ልጃቸው ጀርባ ላይ የሚሮጠው።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

ጥቁር እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና፣ ከጠረጉ በኋላም ስልኩን ሳይነኩ፣ በጣታቸው አየሩ ላይ ፊደላቱን አንድ በአንድ ተከተሉ። አምስት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያወቋቸው የፈረንጅ ፊደላት እነዚያ አምስቱ ብቻ ናቸው።

በሳምንቱ ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ ኩቤክ የቀረች ጓደኛዋ ጨዋታ የምታይበትን የይለፍ ቃል ሰጥታታለች። ኢብራር ከሱቁ አሮጌ ቴሌቪዥን አመጣ፣ ወንድይፍራው ኬብሉን ቀጠለ። ሕጉን ራዕይ ቀድማ እያጠናች መጥታ ታስረዳለች፤ ማንም የጨዋታውን ሕግ አታውቅም ብሎ አልጠረጠራትም። ተጫዋቾቹ የሚራኮቱባት ጥቁር ነገር ጎማ መሆኗን በነገረቻቸው ቀን ጋሽ ባጫ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ጎማ ናት?»

«ጎማ ናት። ደረቅ ጎማ።»

«ታዲያ ሥራችን አንድ ነዋ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ጎማዋ» ሆነ። የፈረንሳይኛው ተንታኝ «ባጫ» ብሎ ስም በጠራ ቁጥርም ጋሽ ባጫ ከተቀመጡበት «አቤት» ይላሉ። መጀመሪያ ለሳቅ ነበር። እየቆየ ግን ሳቁ ቀረና «አቤት» ማለታቸው ብቻ ዘለቀ።

ራዕይ በሳምንት ሦስት ቀን ጦር ኃይሎች ያለ የግል ኮሌጅ ታስተምራለች። ዶክትሬቷን አልጨረሰችም። በዶክትሬቱ አምስተኛ ዓመት ላይ አማካሪዋ ወረቀቷን ዘግቶ «ይህ የትም አያደርስም» አላት፤ ለሁለት ወር ብላ ወደ አገሯ መጣች፤ ይኸው አልተመለሰችም። እናቷ ቸርች ላይ ቆመው «ልጄን አስጨርሶ ላመጣልኝ ጌታ ክብር ይሁን» ብለው ሲመሰክሩ አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። ወንድይፍራው «ዶክተርዬ» ሲላትም ትዞራለች። ሰው ያልሆነውን ሲሉት የሚዞር እንደሆነ፣ ሌላውን ውሸት ለመዋሸት ብዙ መንገድ አይቀረውም።

ጃለታ ዘንድሮ አልሆነለትም። ሠላሳ አንድ ጨዋታ ተሰልፎ አንድ ጎል የለውም። ጎማዋ እግሩ ሥር ስትደርስ አዳራሹ ያጉረመርማል፤ ሲስት ይጮሁበታል። «ምን ይላሉ?» ይላሉ ጋሽ ባጫ። «እየጠሩት ነው» ትላለች ራዕይ። መጀመሪያ ይህን ያህል ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ ግን ካሜራው ደጋፊዎቹን ሲያሳይ አንድ ጢማም ሰው ሰፊ ካርቶን ከፍ አድርጎ ታየ። ጋሽ ባጫ ጮኹ፤ «አቁሚው! አቁሚው! ስሜ ነው!» አቆመችው። በፈረንሳይኛ «ባጫን አውርዱልን» ይላል።

«ምን ይላል?»

ሽማግሌው ፊታቸው በርቷል። ራዕይ አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። «‹ባጫ ኩራታችን› ይላል።»

ፎቶውን እንድትልክላቸው ለመኗት። ፎቶ ቤት አሳተሙት፤ መስታወት አስገቡበት፤ ከኮምፕሬሰሩ በላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ሰቀሉት። ጎማ ሊያስሞላ የመጣ ሁሉ «እዚህ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው» ይባላል። ራዕይ በየጠዋቱ ጀርባዋን ለፎቶው ሰጥታ መቀመጥ ለመደች።

እናም ያ አርባ አንድ ቁጥር የጠፋበት ጠዋት መጣ። ጨዋታው እንዳለቀ ስልኳን ይዛ ደጅ ወጣች። ሦስት መስመር ዜና ነው፤ ክለቡ ጃለታ ባጫን ወደ ታችኛው ሊግ አውርዶታል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጫወተው አሜሪካ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ከዜናው ሥር አራት መቶ ሰው አስተያየት ጽፏል። ማንበብ ጀመረችና ተወችው። ስትመለስ ሦስቱም ዞረው ጠበቋት፤ ከራሳቸው በላይ ያ ጢማም ሰውዬ ካርቶኑን እንደያዘ ነው።

«ጉልበቱን ነው» አለች። «ትንሽ ተጎድቷል። ትንሽ ነው።»

«በኢየሱስ ስም!» አለ ወንድይፍራው፣ ወዲያው እጁን ዘርግቶ።

ሐሙስ የጸሎት ቡድኑ ዘንድ ወሰደው። እሑድ ለመላው ቸርች አሳወቀ። ራዕይ ምሳ ላይ ሳለች እናቷ «ወንድም ወንድይፍራው ስለ አንድ ካናዳ ስላለ ልጅ ጉልበት ሲያስጸልይ ነበር» አሏት። «እኔም ረቡዕን በጾም ይዤለታለሁ። ታውቂዋለሽ እንዴ?» ራዕይ ውኃ ላምጣ ብላ ተነሳች። አንድ ሳምንት ሙሉ የኮልፌው ቸርች እናቶች ምንም ላልሆነ ጉልበት ጾሙ። ጋሽ ባጫ በበኩላቸው በየጠዋቱ ሱቃቸውን በሰዓቱ ከፈቱ። ጃለታ የሌለበትን ጨዋታ ማየት ስለማይፈልጉ፣ የድሮውን ክፈችልኝ ይሏታል፤ ያምና ጨዋታ፣ ሁለት ጎል ያገባበት። ውጤቱን እያወቁት፣ ጎማዋ መረብ ልትነካ ስትል እስትንፋሳቸውን ይይዛሉ።

በስምንተኛው ቀን አንድ ሹፌር መጣ። ጌታሁን ይባላል፤ ሃያ ዓመት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶችን ሲያመላልስ ኖሮ አሁን በራሱ መኪና ሰው የሚጭን፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ራዕይ ኬብሉን እየጠቀለለች ነበር። ጋሽ ባጫ የመኪናውን የውስጥ ጎማ ውኃ ገንዳ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ጌታሁን እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ሳቀ።

«ጋሽ ባጫ፣ ፈረንጆቹን ደግሞ ምን አድርገዋቸው ነው?»

«ምን አደረግኳቸው?»

«‹ባጫን አውርዱልን› ይላል እኮ! ከየት ነው የሚያወርዱዎት?»

ኬብሉ ከራዕይ እጅ ወደቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ከውኃው አላወጡም። አረፋው በጣቶቻቸው መሃል ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«ራዕይ» አሉ። እስከዚያ ቀን «ልጄ» እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ምን ይላል?»

«እሱ እንዳለው ነው።»

«ጉልበቱስ?»

«ጉልበቱ ደህና ነው። ወደ ታችኛው ሊግ አውርደውት ነው።»

ወንድይፍራው የያዘውን ሽቦ አስቀመጠ። «ቆይ ቆይ፣ እኛ ሳምንት ሙሉ የጸለይነው ለየትኛው ጉልበት ነው?»

«አይባክንም» አለ ኢብራር ቶሎ ብሎ። «ለጋሽ ባጫ ጉልበት ይሁን። ደረጃ ሲወጡ ያማቸዋል።»

ማንም አልሳቀም። ጌታሁን እንኳ ምን እንዳበላሸ ሳይገባው ወደ መኪናው ሄዶ ተቀመጠ። ጋሽ ባጫ የውስጥ ጎማውን አውጥተው ቀዳዳዋን በጠመኔ ምልክት አደረጉባት።

«አየሽ» አሉ፣ ሳይቆጡ፣ «እኔ መጀመሪያ ቀዳዳውን ነው የምፈልገው። አንቺ ቀዳዳውን ደብቀሽ አየር ስትሞዪልኝ ነበር።»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እንዳላዝን ነው፣ አንቺ እንዳታፍሪ?»

ራዕይ የወደቀውን ኬብል ከመሬት አነሳች።

«እኛ ልጅ ሳለን የገና ጨዋታ ስንጫወት» አሉ ጋሽ ባጫ፣ «ያሸነፈው መንደር የተሸነፈውን እስኪበቃው ይሰድበዋል፤ በዘፈን፣ በአባቱ፣ በከብቱ። ማንም አይቀየምም። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ሲባል አልሰማሽም? ስድቡ የጨዋታው ነው። ልጄ ተሰደበ ብዬ የምሞት መስሎሽ ነው?» ጎማው ላይ ማስቲሽ ቀቡና እፍ አሉበት። «በይ አንብቢልኝ። የጻፉትን ሁሉ። አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።»

ራዕይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች።

«‹ተመስገን። ሁለት ዓመት ዘግይቷል።›»

«ይሄ ማነው?» አለ ኢብራር።

«ስሙን አልጻፈም።»

«ስሙን የማይጽፍ ሰው ደጋፊ ነው? ቀጥዪ።»

«‹ሻንጣውን እኔ እሸከምለታለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ።›»

«ጨዋ ነው ይሄኛው» አለ ወንድይፍራው።

«ቀልድ ነው፣ ወንዴ። ሄደልን ማለቱ ነው።»

«አሃ።»

«‹ሠላሳ አንድ ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል። የኔ አያት ወንበር ላይ ተቀምጣ ይሄን ታደርጋለች።›»

ኢብራር ሳቁ አመለጠውና አፉን በእጁ ከደነ። «ይቅርታ ጋሽ ባጫ፣ ግን ይቺ ጥሩ ናት።»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ጥሩ ናት» አሉ ጋሽ ባጫ። የጎማውን ቁራጭ ቀዳዳው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ።

«‹ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው። ልጁ በግራ የሚጫወት ነው፤ በቀኝ ሲያሰልፈው ከረመ።›»

«አላልኩም?» አለ ኢብራር ዘሎ ተነስቶ። «ይሄን እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ስል አልነበረም? ወላሂ ይሄ ሰውዬ ሱቄ ቢመጣ ዘይት በነፃ ነው የምቀይርለት!»

«‹ጎበዝ ልጅ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ልቡ እዚህ የለም።›»

ጋሽ ባጫ ቁራጩን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያዙት፤ እስኪጣበቅ ድረስ መያዝ አለበት፤ እሳቸው ግን ከሚገባው በላይ ያዙት። ራዕይ ቶሎ ወደሚቀጥለው አለፈች።

«‹ባለፈው ክረምት ከልምምድ ሲወጣ ብርዱ ላይ ቆሞ ለልጄ ዱላውን ሰጥቶታል። ልጄ አሁንም አልጋው አጠገብ ነው የሚያስቀምጠው። ደህና ሁን ባጫ፤ ትናፍቀናለህ።›»

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«እንግዲህ ያ ሕፃን ከኔ ይበልጣል» አሉ ጋሽ ባጫ። «አጠገቡ ቆሟል። ድምፁን ሰምቷል።» ጎማውን ገንዳው ውስጥ መልሰው ነከሩት። ውኃው ፀጥ አለ፤ አረፋ የለም። «ጃለታ አሁን ያለበት ቦታ ቴሌቪዥን የለውም?»

ራዕይ ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅ ዋለች። የጓደኛዋ የይለፍ ቃል ለታችኛው ሊግ አይሠራም። የቡድኑ ገጽ ላይ የተገኘው አንድ የከተማዪቱ ራዲዮ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያወራበት፣ በማግስቱም መስማት የሚቻል። ቀጣዩ ጠዋት እንደ ወትሮው በአንድ ሰዓት ተኩል ተሰበሰቡ። ልማድ ሆኖባቸው አራቱም የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሳቸው መልክ ይታያል። ራዕይ እየሰማች ትተረጉማለች፤ ያልገባትንም አልገባኝም ትላለች። ሰውዬው በሁለት ሰዓት ውስጥ «ባጫ» ያለው ሦስት ጊዜ ነው።

«አቤት» አሉ ጋሽ ባጫ ሦስቱንም ጊዜ።

በሦስተኛው ኢብራር ተነስቶ ሱቁን ልክፈት ብሎ ወጣ። ሲወጣ አፍንጫውን በእጀታው ጠረገ።

ጋሽ ባጫ ወደ ራዕይ ዞሩ። «አንቺስ? አንቺንም አውርደውሽ ነው የመጣሽው?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትሸሽ ነበር፤ እናቷ ቤት ውስጥ፣ ኮሌጁ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ። አሁን ከጎማና ከማስቲሽ ሽታ መሃል መጣባት።

«አላውቅም ጋሼ። ትምህርቱን አልጨረስኩም። ከዚያ የወጣሁት ወርጄ ይሁን ተመልሼ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ዶክተር አይደለሁም።»

ወንድይፍራው ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ራዕይ በለኝ።»

«እሱማ ስምሽ ነው» አለና ወደ ሥራው ሄደ። በኋላ ግን መኪና ሊያሳይ የመጣ ሰው «ይቺ ማናት?» ሲለው፣ «ራዕይ ናት፣ የኛ ልጅ» ብሎ ሲመልስ ሰማችው።

ጋሽ ባጫ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለጃለታ ጻፊልኝ» ሲሏት ኖረዋል። እሷም ሁልጊዜ «መቶ ሺህ ሰው ነው የሚጽፍለት ጋሼ፣ አያየውም» ትላቸው ነበር። እውነቱ ግን መልስ የማይመጣበትን ጠዋት ፈርታ ነው፤ እሳቸው በር ላይ ቆመው «መለሰ?» ሲሏት ምን እንደምትል ስላላወቀች ነው። ያን ቀን ጥያቄውን ሲያነሱ ግን ምክንያቷን ቀድመው አፈረሱባት።

«አሁን ሰው አይበዛበትም» አሉ። «አሁን ጊዜ ይኖረዋል።»

የሕፃኑን ፎቶ ከመሳቢያ አወጡ። በጣም ሰፊ ልብስ የለበሰ ሕፃን ነጭ ነገር ላይ ቆሞ፣ ከእሱ የሚረዝም ዱላ ተደግፏል። እሳቸው ቆመው ተናገሩ፤ ራዕይ በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ቀጥላም በፈረንሳይኛ መለሰችው።

«ጃለታ፣ እኔ ባጫ ነኝ፤ የአባትህ የቀነኒሳ አባት። ጀርባህ ላይ ያለው ስም የኔ ነው። ስለሱ አትጨነቅ፤ እኔ ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስወቀስበት ኖሬያለሁ፣ ምንም አልሆነም። ቴሌቪዥን ወደሌለበት ቦታ ሄደሃል አሉኝ። ወሬህ ግን ይደርሳል፤ ስምህን ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ዱላውን ስትይዝ ሳይህ ግራኝ ነህ። እኔም ግራኝ ነኝ። አባትህ አልነበረም።»

ራዕይ እዚህ ላይ ቆመች። በዚያ ጨዋታ ዱላን በግራ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ ቀኝ እጁ የሚቀናው እንደሆነ አንብባለች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ቃሉ የሳቸው ነው፣ እሷ የምትጨምረውም የምትቀንሰውም የለም ብላ እንዳለ ተረጎመችው።

«ሌላስ?»

«ፎቶ ይላክልኝ በይው። የግድ ጎል ሲያገባ የተነሳው መሆን የለበትም።» ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጢማሙ ሰውዬ አዩ። ከተነገራቸው ወዲህም አላወረዱትም፤ ስሜ አለበት ነው የሚሉት። «ቆሞም ቢሆን።»

የሕፃኑን ፎቶ አንስታ አብራ አያያዘችው። የመላኪያዋን ምልክት ራሳቸው እንዲነኩ ስልኩን ዘረጋችላቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ነኩት።

ይህ የሆነው ጥር ሳይገባ ነው። የታችኛው ሊግ እስከ ሚያዝያ ድረስ ተጫወተ፤ ጠዋት ጠዋት ራዲዮውን ሰሙ፤ ጃለታ አራት ጎል አገባ፣ አራቱንም ጊዜ ኢብራር የሱቁን በር በመፍቻ ደበደበ። ሰኔ ላይ ድቦቹ ውሉን አላደሱለትም፤ ከዚያ በኋላ ስሙ የትኛውም ቡድን ዝርዝር ውስጥ አልታየም። ጋሽ ባጫ «መለሰ?» ብለው አንድም ቀን አልጠየቋትም። በአንድ ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ፣ አራት መቀመጫ ያወጣሉ፣ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ እጇን እንጂ ፊቷን አያዩም። እሷም ከፍታ ታያለች። የሕፃኑ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ጽሑፉ አለ፤ የመጨረሻው መስመር «ቆመህም ቢሆን» ይላል። ከዚያ በታች ምንም የለም።